ጀንበር ስትጠልቅ፣ ለአበባው ጥቂት ብርሃን

መስከረም ሲጠባ የስልካችን የፎቶ ማኅደር ቢጫ በቢጫ ይሆናል። አደይ አበባ የያዙ ሕፃናት፣ በቄጠማ ላይ የተነሰነሰ አበባ፣ ከከተማ ወጣ ሲባል ሜዳውን የሸፈነው ቢጫ ምንጣፍ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን በየዓመቱ የሚያሳዝነን አንድ ዓይነት ፎቶ አለ። ጀንበር ስትጠልቅ፣ ሰማዩ ፍም መስሎ ሳለ የተነሳው ነው። ሲያነሱት ልብ ይሞላል። ቤት ገብተው ሲያዩት ግን ወይ ሰማዩ አምሮ አበባው ጥላሸት መስሏል፣ ወይ አበባው ታይቶ ሰማዩ እንደ ነጭ ወረቀት ባዶ ሆኗል።

«ታዲያ ለምን በቀን አናነሳም?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ አብዛኞቻችን ቀኑን ቢሮ ነን። እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ክፍል 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳውን ያነሳ ሰው ዕድለኛ ይባላል። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ተመልሰው መክሰስ በልተው እስኪነሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ለሠራተኛ ቤተሰብ ከአዘቦት ቀን የምትተርፈው ብርሃን ይህቺ የምሽት ብርሃን ናት። ደግሞም ከቀኑ ሁሉ የምታምረው እሷ ናት። ስለዚህ ልንሸሻት ሳይሆን ልንጠቀምባት ይገባል።

የዚህ ወር ዓምዳችን ጉዳይ ይኸው ነው። ሰማዩንም አበባውንም ሳንከስር በአንድ ፎቶ እንዴት እናስቀራለን?

ዓይን የሚችለው፣ ካሜራ የማይችለው

የጠለቀች ጀንበር ከአበባው ጀርባ ስትሆን፣ ወደ እኛ የዞረው የአበባው ገጽ ጥላ ውስጥ ነው። ሰማዩ በጣም ብሩህ፣ አበባው በጣም ጨለማ። የእኛ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ራሱን ያስተካክላል፤ አእምሯችንም ሁለቱን አገጣጥሞ አንድ ሙሉ ምስል ያደርግልናል። ለዚህ ነው ቆመን ስናይ ምንም የጎደለ ነገር የማይታየን።

ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የብርሃን ልዩነት ውስን ነው። ለሰማዩ ሲያስተካክሉለት አበባው ይጨልማል፤ ለአበባው ሲያስተካክሉለት ሰማዩ ይነጣል። የዛሬ ዘመን ስልኮች ኤችዲአር በሚባለው ዘዴ ብዙ ፎቶ በፍጥነት አንስተው በማዋሃድ ይህን ችግር ለማቅለል ይሞክራሉ። ጥሩ ይረዳል፤ ግን ብዙ ጊዜ ሰማዩ ድምቀቱን አጥቶ፣ አበባውም ግራጫ ነገር ተቀብቶ ይወጣል። ምክንያቱም ስልኩ አበባው ላይ ያልነበረን ብርሃን ከየት ያመጣዋል? ማብራት እንጂ መፍጠር አይችልም።

መፍትሔው የጎደለውን ብርሃን እኛው መጨመር ነው። ባለሙያዎቹ «ፊል ፍላሽ» ይሉታል፤ እኛ ማሟያ ፍላሽ እንበለው። ሐሳቡ ሁለት መስመር ነው፦ ካሜራውን ለሰማዩ ያስተካክሉ፤ አበባውን በፍላሽ ይሙሉት። ፍላሹ ሰማዩ ዘንድ ስለማይደርስ የሰማዩ ቀለም አይነካም። አበባው ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ድርሻውን ያገኛል። በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ፣ ለየብቻቸው እናስተካክላቸዋለን ማለት ነው። ይህ ከገባን የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ፍላሽ እንደ ጨው ነው

ብዙዎቻችን ፍላሽን የምናውቀው በክፉ ጎኑ ነው። የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ፊትን እንደ ዱቄት የሚያነጣ፣ ከኋላ ጥቁር ጥላ የሚለጥፍ ብልጭታ። ይህ የሚሆነው ፍላሹ ብቻውን የፎቶው ብርሃን ሲሆን ነው። ማሟያ ሲሆን ግን ሥራው እንደ ጨው ነው። ወጥ ውስጥ ጨው ሲመጠን ማንም «ጨው አለበት» አይልም፤ «ይጣፍጣል» ነው የሚለው። ጨው የሚታወቀው ሲበዛ ወይም ሲጠፋ ነው። ጥሩ ማሟያ ፍላሽም ያየው ሰው «ፍላሽ ተጠቅመሃል?» ብሎ የማይጠይቅበት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ ወደ እጃችን የገባው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት ጀርመናውያን፣ አዶልፍ ሚተ እና ዮሐንስ ጌዲከ፣ የማግኒዚየም ዱቄት እየነደደ ብልጭ የሚልበትን ዘዴ አቀረቡ። ጭስ ያለው፣ ሰው የሚያቆስል እሳት ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን የኤሌክትሪክ ብልጭታን አሻሽሎ የጥይትንና የውኃ ጠብታን እንቅስቃሴ ሳይቀር ቀጥ አድርጎ የሚያስቀር አደረገው። ዛሬ በካሜራችን ላይ ያለው ፍላሽ የዚያ ልጅ ነው። ብልጭታው የሚቆየው ብዙ ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ነው፤ ይህን ልብ ይበሉ፣ ወደኋላ ይጠቅመናል።

ሰዓቱን ይወቁ

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው አግድም እየተንሸራተተች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ማምሻችን አጭር ነው። በመስከረም ወር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትገባው ከ12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከገባች በኋላ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል የሰማይ ቀለም ይቀራል። በአውሮፓ የበጋ ምሽት ፎቶ አንሺዎች ሰዓታት አላቸው፤ እኛ ያለን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ስለዚህ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታዎ ላይ ይገኙ። አበባዎን በቀን ብርሃን ይምረጡ፤ ዝግጅትዎን ይጨርሱ፤ ከዚያ ይጠብቁ። እንጦጦ ፓርክም ይሁን ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ ወይም የሰፈርዎ ክፍት ቦታ፣ ምዕራቡ ግልጥ ብሎ የሚታይበትን ጥግ ይፈልጉ። መዝጊያ ሰዓትም አስቀድመው ይጠይቁ። ከከተማው ከፍታ ላይ ሆነው ወደ ወጨጫ ተራራ በኩል ቢያዩ የመስከረም ሰማይ የክረምቱን የመጨረሻ ደመናዎች ይዞ ሲቀላ ይጠብቅዎታል። የቤት ሰው ከሆኑም አይጨነቁ፤ በረንዳ ላይ ያለ አንድ የአበባ ማሰሮ ይበቃል። ዋናው ነገር ዝቅ ማለት ነው። ቆመው ወደ ታች ካነሱ ከአበባው ጀርባ የሚታየው አፈር ነው፤ ተንበርክከው ወደ ላይ ካነሱ ግን ሰማይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ በካሜራ ማያ ቀዳዳ በኩል በተለይ በሚያቀርብ ሌንስ በቀጥታ አይመልከቷት። ለዓይን አደገኛ ነው። ልጆችም ይህን ይወቁ።

ስልክ ብቻ ላላችሁ

ስልክ ያለው ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ረዳትና ሁለተኛ ስልክ ነው።

በመጀመሪያ በማያው ላይ አበባውን በጣት ይንኩ፤ ጣትዎን ሳያነሱ ትንሽ ጫን አድርገው ይያዙ። አብዛኞቹ ስልኮች በዚህ ጊዜ ትኩረታቸውንም የብርሃን መጠናቸውንም ይቆልፋሉ። ከዚያ ጣትዎን ወደ ታች እየሳቡ ብርሃኑን ይቀንሱ፤ የሰማዩ ቀይና ብርቱካናማ እስኪመለስ ድረስ። አበባው ይጨልማል። አይደንግጡ፤ የሚጨልመው ሆን ተብሎ ነው።

አሁን ረዳትዎ የሌላውን ስልክ ባትሪ ያብራ። ግን በባዶው አይሁን፤ መብራቱ ላይ አንድ ስስ ሶፍት ያድርግበት። ሶፍቱ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ያለሰልሰዋል። ከአበባው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሰያፍ፣ ከፍ አድርጎ ይያዘው። ከጎን የመጣ ብርሃን የቅጠሉን ሽንትርና የአበባውን እጥፋት ያሳያል፤ ከፊት የመጣ ግን ሁሉን ጠፍጣፋ ያደርጋል።

መጠኑ የሚስተካከለው በርቀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ሕግ እንያዝ፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱ ከአበባው ግማሽ ሜትር ላይ ሆኖ ከበዛ፣ ወደ አንድ ሜትር ማራቅ በሦስት አራተኛ ይቀንሰዋል። ለዚህ ነው ጥቂት እርምጃ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው። የስልኩ የራሱ ፍላሽም ይሠራል፤ ግን «አውቶ» ላይ ከተዉት ደማቁን ሰማይ አይቶ «ብርሃን በቂ ነው» ብሎ ሊተወው ስለሚችል፣ ሁልጊዜ እንዲበራ አድርገው ያስተካክሉት። አቅሙ ትንሽ ስለሆነም ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ቅርበት ይጠቀሙበት።

ረዳት ከሌለስ? አንድ ነጭ ወረቀት ከአበባው በታች ወደ ሰማዩ አዘንብለው ይያዙ። የሰማዩን ብርሃን መልሶ ወደ አበባው ይልከዋል። ደካማ ነው፤ ግን ገና ፀሐይዋ ሳትገባ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ካሜራ ለያዛችሁ

ካሜራ ያላችሁ በእጅ ማስተካከያው ይጀምሩ። ለመነሻ አይኤስኦ 200፣ የሌንስ ክፍተት ኤፍ 5.6፣ የሹተር ፍጥነት 1/200። ፍላሹን ሳያበሩ አንድ ያንሱ። ሰማዩ የሚወዱት ቀለም እስኪይዝ ድረስ ያስተካክሉ። ከዚያ ፍላሹን ያብሩና የፍላሹን ኃይል መቀነሻ ከ1 እስከ 2 ደረጃ ወደ ታች ያውርዱት። ለአብዛኛው አበባ መነሻው ይኸው ነው።

አሁን ያ ልብ ይበሉ ያልኩት ነገር ይጠቅመናል። የፍላሹ ብልጭታ ከሹተሩ እጅግ ያጠረ ስለሆነ፣ ሹተሩ 1/200 ሆነ 1/60 ለፍላሹ ለውጥ የለውም። ለሰማዩ ግን ትልቅ ለውጥ ነው። ስለዚህ እየመሸ ሰማዩ ሲጨልም ሌላውን ሁሉ ባለበት ትተው ሹተሩን ብቻ ያዘግዩ፤ 1/125፣ ከዚያ 1/60። ሰማዩ ይመለሳል፣ የአበባው ብርሃን እንደነበረ ይቆያል። ወደ ላይ ግን ገደብ አለ፤ ብዙ ካሜራዎች በተለመደው አሠራር ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ከፍላሽ ጋር አይሄዱም። ካለፉት የፎቶው አንድ ጎን በጥቁር መስመር ይሸፈናል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። በጣም ተጠግተው ሲያነሱ ሌንሱ ራሱ የፍላሹን መንገድ ዘግቶ ከታች ጥላ ሊጥል ይችላል፤ የሌንሱን ኮፍያ ያውልቁ ወይም ትንሽ ይራቁ። ሁለተኛው ነፋስ ነው። እንጦጦ ላይ አመሻሹ አያርፍም። ፍላሹ አበባውን ቀጥ አድርጎ ቢይዘውም፣ ሹተሩ ሲዘገይ ጠርዙ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ይቀራል። በሰውነትዎ ነፋሱን ይከልሉ፤ አንድ ሰውም ግንዱን ከታች ቢይዝልዎ ጥሩ ነው።

እያንዳንዱ አበባ ጠባይ አለው

አደይ አበባ ስስ ናት። ከኋላ ፀሐይ ሲያገኛት ብርሃኑ በመላዋ አልፎ እንደ ፋኖስ ታበራለች። ይህን ውበት ፍላሽ ሲበዛ ያጠፋዋል። ስለዚህ ለአደይ በጣም ጥቂት ብርሃን ይበቃል፤ መሃሏና አረንጓዴ ግንዷ እስኪታዩ ብቻ። ቢጫ ቀለም ቶሎ ስለሚሞላም ሲበዛበት የአበባው መስመሮች ጠፍተው አንድ ቢጫ ነጠብጣብ ይሆናል።

ነጭ አበባ፣ ለምሳሌ ካላ፣ ከሁሉም ያነሰ ይፈልጋል፤ በቀላሉ ይነጣል። ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሲመሽ ለዓይናችን እንኳ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቁረው ቀይ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ብርሃኑን ከፍ ያድርጉለት።

ቀለምን በተመለከተ አንድ የመጨረሻ ነገር። የፍላሽ ብርሃን የቀትር ፀሐይ ዓይነት ነጭ ነው፤ የምሽቷ ፀሐይ ግን ብርቱካናማ ናት። ሁለቱ ሲገናኙ አበባው ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ባለሙያዎች ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ማጣሪያ ይገጥማሉ። እኛ ቤት ብርሃን የሚያሳልፍ ብርቱካናማ የከረሜላ ወረቀት ይኖራል፤ በፕላስተር ፍላሹ ላይ መለጠፍ ነው። ልጆቹ ከረሜላውን ይብሉ፣ ወረቀቱን ለእርስዎ ያስቀሩ።

ለምን እንደክማለን?

«ለአንድ የአበባ ፎቶ ይህ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። አክስቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩበትን ግቢ ለቀው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሊገቡ ሳምንት ሲቀራቸው ደወሉልኝ። በአጥሩ ሥር ያለው ጽጌረዳ ልጃቸው አሜሪካ ከመሄዷ በፊት የተከለችው ነው፤ አሁን ግንዱ አርጅቶ ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚጸድቅ አልሆነም። «የኔ ልጅ፣ ከእነሰማዩ አንሺልኝ» አሉኝ። «ማታ ማታ ቡናችንን ይዘን ከዚህች በርጩማ ላይ የምናየውን። በቀን የተነሳማ ሞልቷል።»

በማግስቱ ከሥራ ቀጥታ ሄድኩ። ያለ ብርሃን የመጀመሪያውን ሳነሳ ቀይ ሰማይና ጥቁር ቁጥቋጦ ነው የወጣው፤ የማንም አጥር ሊሆን ይችላል። ከዚያ የጎረቤት ልጅ በሶፍት የተሸፈነውን የስልክ ባትሪ ከጎን ያዘልኝ። አክስቴ ነፋሱ እንዳያወዛውዘው ግንዱን ያዙ። አበባው ወጣ፣ እሾሁ ወጣ፣ ግንዱን የያዘው እጃቸውም ወጣ። «እጄም ገባ እንዴ? ይህን የተሸበሸበ እጅ ማን ይፈልገዋል?» አሉ። «እቴቴ፣ ይግባ» አልኳቸው።

ፎቶው ለልጃቸው በቴሌግራም ተላከ። ማታውኑ መልስ መጣ። ስለ ሰማዩ አንድ ቃል የለውም፤ ስለ ጽጌረዳውም እንዲሁ። «የእማዬን እጅ አጉልቼ አየሁት» ይላል።

በእኔ ሥራ ለአንድ የምርት ፎቶ ግማሽ ቀን መብራት ሲተከልና ሲነቀል ይውላል፤ ዕቃው እንዲታይ፣ ዳራውም እንዳይጠፋ። ለሳሙና ይህን ያህል ከደከምን፣ ነገ ለማይኖር ግቢ አምስት ደቂቃና አንድ ሶፍት አይበዛም። ጥላ የሚደብቀው አበባውን ብቻ አይደለም፤ አበባውን የያዘውንም ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ሲወጡ አበባውን ብቻ አያንሱ። አደይ የያዘችውን ልጅ፣ ቄጠማ ያቀፈውን አባት፣ የበረንዳውን አበባ የምታጠጣውን እናት ያንሱ። ሕጉ ያው ነው፦ ካሜራው ለሰማዩ፣ ማሟያው ብርሃን ለፊቱ። የሀገር ልብስ ነጭ ስለሆነ ብርሃኑ ከልብሱ ይልቅ ወደ ፊት እንዲያዘነብል ያድርጉ፤ ሕፃናት ዓይን ላይ ግን በቅርበት መብራት አያብሩ። አደዩንም ሜዳው ላይ ይተዉት፤ ለከርሞው የሚበቅለው ዘንድሮ ከሚረግፈው ዘሩ ነው።

ጊዜው አጭር ነው። ጥቅምት ሲጋመስ ቢጫው ከሜዳው ይነሳል፤ ከዚያ ቀጠሮው ለሚቀጥለው መስከረም ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያሉትን ምሽቶች ይቁጠሩ። አንዷን ይምረጡ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ ይውጡ፣ ኪስዎ ውስጥ አንድ ሶፍትና አንድ የከረሜላ ወረቀት ይኑር። የቀረውን ሰማዩ ያዘጋጀዋል።